የሂሻምን ትሪ ያልቀመሰች ጎረቤት

ሂሻም ሰላምታ እንኳ የሚቆጥብ ሰው ነበር። በካርቱም ጀብራ ሰፈር በዚያ መንገድ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፤ «አሰላሙ» ይልና «ዐለይኩም»ን ለነገ ያሳድረዋል። ይህ ሰው ታዲያ በረመዳን የመጀመሪያ ማታ ሥጋ በመረቅ፣ ዐሲዳ የሚሉት ገንፎና ቴምር የሞላበት ትሪ በየጎረቤቱ ሲያዞር፣ መንገዱ ሁሉ እየበላ ተጨነቀ። «ምን ነክቶት ነው?» ያለ አለ። «ዕድሜው ቢያልቅ ነው፣ አላህ ይማረው» ያለም አለ፤ ያለው ግን አጥንቱን ግጦ ከጨረሰ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ትሪው እንደገና ሞልቶ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሰው መጨነቁን ትቶ መጠበቅ ጀመረ።

ነገሩ ከካርቱሙ ጦርነት በፊት ነው፤ ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት የተራበበት ዓመት።

ከሂሻም ግድግዳ ወዲህ ማዶ ሸዋአለም ትኖራለች። የደንቢያ ልጅ ናት። ካርቱም የገባችው በወጣትነቷ ነው፤ አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ፣ እመቤቲቱ «ወጥሽ ያቃጥላል» ባለቻት ቀን «ታዲያ ሊያቃጥል አይደል እንዴ የተሠራው!» ብላ ልብሷን ጠቅልላ ወጣች ይባላል። ከዚያ ወዲህ ማቃጠሉን ሥራዬ ብላ ያዘችው፤ በርበሬ ነጋዴ ሆነች። ዛላው ከመተማ በጭነት መኪና ይመጣላታል። ትቀነጥሳለች፣ ታጥባለች፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ትደልዛለች፣ ታሰጣለች፣ ከቅመሙ ጋር ወፍጮ ቤት ወስዳ ታስፈጫለች። «ካርቱም ውስጥ የሐበሻ ወጥ ቀልቶ ካየህ የሸዋአለም እጅ አለበት» ይሏታል። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም ነው። አንድ ጊዜ እኛ ባጃጅ ከምንለው ከሪክሻ ነጂ ጋር ስትከራከር የራሷን ደጅ አልፋ ሌላ ሰፈር ገብታ፣ በመጨረሻ ሰውየው እጁን ሰጥቶ በነፃ መልሷታል።

የዚህች ሴት ሀብት ፀሐይ ነበረች። ካርቱም ላይ ፀሐይ ሀብት ነው ሲባል የሚስቅ ይሳቅ፤ አስፋልት የሚያቀልጥ ፀሐይ ለማንም ይተርፋል። አቧራ የማይገባው፣ ፍየል የማይደርስበት፣ ፖሊስ «አንሺ» የማይልበት፣ በርበሬ ተሰጥቶ የሚውልበት ፀሐይ ግን እንደልብ አይገኝም። እሷ ያገኘችው በሐጃ ሉጥፊያ ግቢ ነው። ሐጃ የቤቱ ባለቤት፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ሸዋአለም ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይታ፣ ሐውሹ፣ ያ ሰፊው ባዶ ግቢ፣ ለበርበሬዋ ተፈቅዶላታል። በምሥራቅ በኩል ሟቹ የተከሏት ትልቅ የኒም ዛፍ አለች፤ እስከ ቀትር ጥላዋን አንጥፋ ትውላለች። ከቀትር በኋላ ግን ፀሐይዋ በምዕራብ ባለው በሂሻም ዝቅተኛ ቤት አናት ላይ ተሻግራ እስክትጠልቅ ድረስ ሐውሹ ላይ ስትነድ ታመሻለች። ሸዋአለም የምትበላው ያቺን የከሰዓት ፀሐይ ነው ቢባል ውሸት አይደለም።

የሂሻምን ትሪ የምታዞረው ሀኒፋ ነበረች፤ እዚያው ቤት፣ «ማዳም» ለምትላቸው ለሚስቱ ሠራተኛ የሆነች የወሎ ልጅ። የመጀመሪያው ማታ የሸዋአለምን በር በእግሯ አንኳኳች፤ እጇ ሙሉ ነበር።

«እትዬ ሸዋ፣ ይኸው መጣሁልሽ።»

ሸዋአለም ክዳኑን ገልጣ አየች። «ሥጋ ነው እንዴ?»

«ሥጋ ነው።»

«ልጄ፣ ሁዳዴ አይደለም ወይ? አንቺ እንኳ ይህን ታጪዋለሽ?»

«ኧረ ነግሬያቸዋለሁ በአላህ! ‹ክርስቲያን ናት፣ ጾም ላይ ናት› ብላቸው፣ ማዳም ‹እኛስ ጾም ላይ አይደለን? ፀሐይ ስትጠልቅ ትብላ!› አሉኝ። ‹የነሱ ጾም ፀሐይ ብትጠልቅም ሥጋ አይበላም› አልኳቸው። ‹እንዲህ ያለ ጾም የለም፣ ይዘሽ ሂጂ› አሉኝ፤ ይዤ መጣሁ።»

ሸዋአለም ሳቀች። ደጅ የደረሰ ትሪ መመለስ ነውር ነውና፣ ተቀብላ ለሐጃ ሉጥፊያ አሻገረችው። ሐጃም የራሳቸውን ትሪ በልተው ሳይጨርሱ ሁለተኛው ሲመጣ «ምግብ አይጣልም» አሉና ተቀበሉ። ማታ ማታ እንዲሁ ሆነ። ሰው በረመዳን ይከሳል፤ ሐጃ ሉጥፊያ ግን አምባራቸው ጠበባቸው።

የሆሳዕና ሰሞን ሀኒፋ ትሪዋን አስቀምጣ አልሄደችም። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«ምነው? ሌላም አለ?» አለች ሸዋአለም።

«ሆዴ አልችል አለኝ፣ እትዬ። ከማን ሰማሽ ብትባዪ ስሜን እንዳታነሺ።»

«ስምሽን አሁኑኑ ረሳሁት። ተናገሪ።»

«ሰውየው ቤቱን ሊያፈርሰው ነው። ከምድር ቤቱ በላይ ሦስት ፎቅ ሊያቆም፣ ለኪራይ። ለመሐሊያው ጥያቄ አስገብቷል።» መሐሊያው የአካባቢው አስተዳደር ነው። «ከኢድ በኋላ መሐንዲስ መጥቶ ጎረቤቱን ‹ተቃውሞ አላችሁ?› ብሎ ይጠይቃል አሉ። አንድ ጎረቤት እምቢ ካለ ነገሩ ይጓተታል። ማዳም ‹እምቢ ቢሉስ?› ቢሉት ምን አላቸው መሰለሽ? ‹የበላ አፍ ላ አይልም›፤ እምቢ አይልም ማለቱ ነው።»

ሸዋአለም ዞራ የሂሻምን ቤት አየች። ፀሐይዋ ልትጠልቅ አናቱ ላይ ተቀምጣለች፤ ሐውሹ ላይ የተሰጣው በርበሬ ገና ቀይ ብርሃን ውስጥ ነው። ሦስቱን ፎቅ በዓይኗ አንድ በአንድ ደራረበች። ሦስተኛውን ስታስቀምጥ ግቢው ጨለመባት።

«ለካስ ፎቁን በአጥንት ሲገነባ ነው የከረመው» አለች።

ሰው ያወራውን ሁሉ የምታምን ግን አልነበረችም። ፎቅ ፀሐይን ምን ያህል እንደሚወስድ በዓይኗ ልታይ በማግሥቱ በሪክሻ ወደ አርካዊት ሰፈር ወረደች። እዚያ አንድ ረጅም ሕንፃ መርጣ፣ ከበስተጀርባው ያለውን ግቢ አንኳኳች። የከፈተችላት የማታውቃት ሱዳናዊት ናት።

«ሰላም ዐለይኩም፣ እህቴ። ይህ ፎቅ ከተሠራ ወዲህ ፀሐይሽ ስንት ሰዓት ላይ ይሄዳል?»

ሴትዮዋ ግራ ተጋባች፤ ግን የአገሩ ሰው እንግዳ ደጅ ላይ አያቆምም፣ አስገባቻት። «የምን ፀሐይ? አልሐምዱሊላህ፣ ከቀትር በኋላ አንድም የለ! ድሮ እዚህ መቆም ይቻል ነበር? አሁን አልጋ አውጥተን እንተኛበታለን። አላህ ለባለ ፎቁ ጀነት ይስጠው።»

ሸዋአለም መሬቱን በእጇ ዳበሰች። ቀዝቅዟል። ሴትዮዋ ያቀረበችላትን ውኃ ጠጥታ፣ መርቃት ወጣች፤ ሪክሻው ውስጥ ገባች። ለሌላው ሰው ጀነት የሆነው ለእሷ በርበሬዋን ጠቅልላ ከጀብራ የምትወጣበት ቀን ነው። የትስ ትሄዳለች? እንዲህ ያለ ግቢ በዚያ ኪራይ ከየት ይመጣል? «የለም» አለች ጮክ ብላ። ነጂው «ወደ ሌላ ቦታ ነው እንዴ?» ቢላት «አንተን አይደለም፣ ንዳ» አለችው።

ፋሲካ መጣ። ሸዋአለም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ዶሮዋን በላች። ጾሙ ተፈታ፤ የሂሻም ረመዳን ግን ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። በዚያው ማታ ሀኒፋ ትሪውን ይዛ መጣች፤ እንደ ተንኮል፣ የዚያን ዕለት የተጠበሰ የበግ ጎድን ነበር፤ ስቡ ገና ይንጫጫል።

«እትዬ፣ እንኳን አደረሰሽ። ዛሬማ ትበያለሽ።»

ሸዋአለም ምራቋን ዋጠች። የሁለት ወር ያህል ሽሮና ምስር ሆዷ ውስጥ ሆነው በአንድ ድምፅ «ብዪ!» አሏት።

«ለሐጃ ውሰጂላቸው።»

«ጾሙ አላለቀም እንዴ?»

«የእግዜሩ አልቋል» አለች ሸዋአለም። «የሂሻም ጾም ዛሬ ተያዘ።»

እስከ ኢድ ድረስ አንዲት አጥንት አልቀመሰችም። ከዚያ በፊት ሥጋውን የከለከላት ቀኖናው ነው፤ ያን ሳምንት የከለከላት ግን የራሷ እልህ ነበር፣ እልህ ደግሞ ከቀኖና ይከብዳል፤ ንስሐ አባት የለውማ።

የሚያስፈራት ሌላ ነገር ነበር። ተከራይ ናት። መሐሊያው የሚጠይቀው ባለቤትን ነው። ስለዚህ በኢድ ሰሞን ሐጃ ሉጥፊያ አልጋቸው ላይ ጋደም ባሉበት ሄዳ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችላቸው።

ሐጃ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። በኋላም ሆዳቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ያ ሸዋ፣ እውነትሽን ነው። ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ቁልቁል የሚያየው ደግሞ የእኔን አልጋ ነው። ሐውሼ ውስጥ እንዳልተኛ ሊያደርገኝ ነው። ግን ምን ልበል? በልቻለሁ። ሁለት ሁለት ትሪ በልቻለሁ። ሰው ፊት ቆሜ በሂሻም ላይ አፌን ብከፍት ጥርሴ ራሱ ይታዘበኛል።»

«አንዱ ትሪ የእኔ ነበር እኮ፣ ሐጃ።»

«የባሰ ነው! ባንቺ አፍ ፈንታም በልቻለሁ።»

ሸዋአለም ተነሥታ ወደ ዛላዋ ተመለሰች። ተቀምጣ በርበሬዋን መቀንጠስ ቀጠለች፤ ግን ይህችን «ባንቺ አፍ ፈንታ» የምትል ነገር ደጋግማ አላመጠቻት።

ከኢድ በኋላ የመሐሊያው መሐንዲስ በአንድ ከሰዓት መጣች። ወጣት ሴት ናት፤ ነጭ ጫማዋ መንገዱን ሳይወድ በግድ ይረግጣል። የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዐም ዳውድ ጎረቤቱን በራሳቸው ግድግዳ ሥር ሰበሰቡ፤ ወንበር ለሽማግሌ፣ ምንጣፍ ለቀረው። ሂሻም ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ መሀል ቆሟል፤ ያን ቀን «አሰላሙ ዐለይኩም»ን እስከ መጨረሻው ተናገረው።

ዐም ዳውድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድማችን ሂሻም ሊሠራ ነው። ተቃውሞ ያለው?»

አንዱ «ሂሻም ወንድማችን ነው» አለ። ሌላው «አላህ ይባርክለት» አለ። ሦስተኛው ምንም ሳይል ሆዱን አሸት አሸት አደረገ። መሐንዲሷ ብዕሯን ልትከድን ነበር።

«እኔ አለኝ» አለች ሸዋአለም።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«አንቺ ማን ነሽ?» አለች መሐንዲሷ።

«ጎረቤቱ።»

«ባለቤት ነሽ?»

«ተከራይ።»

«ይቅርታ እናቴ፣ የምንሰማው ባለቤትን ነው።»

«የቤቱ ባለቤት እኚያ ናቸው» አለች ሸዋአለምና ሐጃ ሉጥፊያ ወደተቀመጡበት ሄዳ ፊታቸው ቆመች። «ሐጃ፣ ለመናገር ማፈርዎን አውቃለሁ። በእኔ አፍ ፈንታ በልተዋል። አሁን እኔ በእርስዎ አፍ ፈንታ ልናገር። ይወክሉኝ።»

ሐጃ የተጎናጸፉትን የቶባቸውን ጫፍ ስበው አፋቸውን ሸፈኑ። ሂሻም «ሐጃ፣ እናቴ…» ብሎ ጀመረ።

«ልጄ ሂሻም፣ ምግብህ ጣፋጭ ነበር፣ አላህ ይተካልህ» አሉ ሐጃ ከጨርቁ ሥር። «እኔ አንዲት ነገር አልናገርም። አንቺ የመሐሊያዋ ልጅ፣ ስለ ቤቴ የምትናገረው ይህቺ ናት። ወኪሌ ናት። አለቀ።»

«ምስክር አለ?»

«እኔ ሰምቻለሁ!» አሉ ዐም ዳውድ፤ ከተጠየቁት በላይ ፈጠኑ። ወሬ ከሚወዱ ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው፣ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

መሐንዲሷ ብዕሯን መልሳ ከፈተች። «እሺ፣ ምክንያትሽ?»

«ጥላ ይጥልብኛል።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ በኋላ ግን ሁሉም ሳቀ። በካርቱም ጠራራ፣ ግድግዳ ሥር ተሸጉጠው ጥላ የሚሻሙ ሰዎች «ጥላ ጣለብኝ» የምትል ከሳሽ አይተው አያውቁም። ሂሻም እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «በነፃ ጥላ ልሰጣት! ሌላው በገንዘብ የሚገዛውን!»

ሸዋአለም ሳቁ እስኪወጣላቸው ጠበቀች። ከዚያ የመሐንዲሷን ክንድ ይዛ ወደ ሐውሹ አስገባቻት፤ ሰውም ተከተለ። ከዳር እስከ ዳር በርበሬው ተሰጥቶ በከሰዓቱ ፀሐይ ይነድዳል። «ይኸው። ሥራዬ ይህ ነው። ኒሙ እስከ ቀትር ይከለክለኛል፣ ከቀትር በኋላ ያለው ብቻ ነው የእኔ። እሱን ፎቁ ከወሰደው ምን ቀረኝ?»

«በዚህ አገር እኮ ነፋሱ ብቻ ያደርቀዋል» አለ ሂሻም።

«ነፋስ ያደርቀዋል፤ ፀሐይ ያበስለዋል። በጥላ የደረቀ በርበሬ ድርቆሽ ነው፣ ማን ይገዛኛል?»

መሐንዲሷ ጎንበስ ብላ ልታይ ስትል አስነጠሳት። ደጋግሞ አስነጠሳት። አፍንጫዋን ይዛ «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አለች፤ መጻፍም ጀመረች።

ሂሻም ሳቁ ጠፋ። «ቆይ! ይህቺ ሴት ምን አፍ አላት? በየማታው ትሪ ልኬላታለሁ! በየማታው! ይመስክሩ!»

«ልከሃል» አለች ሸዋአለም። «ሥጋ ነበረበት። ጾም ነበርኩ።»

«ከመግሪብ በኋላ ነው እኮ!»

«የኛ ጾም መግሪብ አያውቅም።»

ሂሻም ወደ ሀኒፋ ዞረ፤ ሀኒፋ ወደ ማዳም አየች፤ ማዳም ወደ ሰማይ አዩ።

«ፋሲካችሁ ግን ከኢድ በፊት ነበር!» አለ ሂሻም። «ሱቄ ውስጥ የሚሠራው ሐበሻ ፈቃድ ወስዶ ሄዷል፣ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውስ?»

«እሱን የጾምኩት ላንተ ነው። ሐጃን ጠይቃቸው።»

ሐጃ ከቶባቸው ሥር ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁን ሳቁ ወደ ሂሻም ዞረ፤ ከበሉትም ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚስቅ ተገኘ።

ይኼኔ ማዳም ከሐውሹ በር ላይ ሆነው ተናገሩ። «ሒሉ ሙሩስ?»

ሒሉ ሙር የረመዳን መጠጥ ነው፤ ከማሽላና ከቅመም ይጠመቃል፣ ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሸዋአለም ገና ምንም ሳታውቅ፣ ሀኒፋ አንድ ጆግ አምጥታላት ነበር። በዚያ ሙቀት ቆማ ጠጥታዋለች፤ ጆጉንም ገልብጣ ጠብታውን ጠብቃለች። ማን አየኝ ብላ መካድ ትችል ነበር። ሀኒፋ እንደሆን የራሷን ጫማ እያየች ነው፣ አትመሰክርባትም። ግን «አልበላሁም» ብሎ የቆመ አፍ አንዴ ከዋሸ ምን ይዞ ይቆማል?

«እሱን ጠጥቻለሁ» አለች።

ሂሻም ፈገግ አለ። «ታዲያስ!»

«ጣፋጭ ነበር፣ እጃችሁ ይባረክ። ሐቁን አልክድም፤ ለሒሉ ሙሩ አንድ ፎቅ ፈቅጄልሃለሁ። ሌሎቹ ሁለቱ በሥጋው የመጡ ናቸው። ሥጋውን አልበላሁም።»

ዐም ዳውድ በሳቅ ተንፈራፈሩ። መሐንዲሷ አፏን በመዝገቧ ሸፈነች። ሳቁ ጋብ ሲል ግን ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደ ሹም ተናገረች። «አቶ ሂሻም፣ ተቃውሞው እንዳለ ከተመዘገበ ጉዳዩ ኮሚቴ ይሄዳል። መቼ እንደሚመለስ አላውቅም። በአንድ ፎቅ ከተስማማችሁ ግን ዛሬ ተስማሙ ብዬ እጽፋለሁ።»

ሂሻም ወደ ጎረቤቶቹ አየ። ሁሉም ሌላ ቦታ ያያል፤ የበላ አፍ «ላ» አይልም እንጂ «ናዐም»፣ ማለትም «እሺ»፣ እንዲል ማንም አላስገደደውም። ዐም ዳውድ ጠጋ ብለው «ሂሻም ልጄ፣ አንድ ፎቅ ከኮሚቴ ይሻላል» አሉት።

«ኸላስ!» አለ ሂሻም። «አንድ። ኸላስ።»

ሰዉ ተበተነ። ሐጃ ሉጥፊያ ቶባቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «ያ ሸዋ፣ አሁን አፌን መልሺልኝ፣ ሻይ ልጠጣበት» አሉ።

ሸዋአለም ግን ሻይ አልጠጣችም። ረጅም የመጥረጊያ እንጨት አንስታ በሂሻም ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጋ ያዘችው፤ በእሱ ለክታ አንዱን ፎቅ በዓይኗ አስቀመጠች። ጥላው ሐውሹን አልዋጠውም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን፣ በርበሬው ቀለሙን በሚይዝባት በዚያች ሰዓት፣ ከምዕራቡ ጥግ ተነስቶ እስከ መሀል ይመጣል። ቆማ አሰበች። አንገቷን አቅንታ ወደ ላይ አየች፣ ገና ወዳልተሠራው።

እንጨቷን አስደግፋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ የሂሻምን በር አንኳኳች። ራሱ ከፈተ። ሲያያት ወደኋላ ሸሸ።

«ደግሞ ምን ሆንሽ? ሒሉ ሙር አልቋል!»

«ሰላም ዐለይኩም በል መጀመሪያ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ምን ልሁን?»

«አንዱ ፎቅህ የማታዋን ፀሐይ ይወስድብኛል። ስለዚህ ጣሪያህን እፈልጋለሁ። ሊሾ ሲሚንቶ ነው የምታደርገው አይደል? እሱ ላይ ፀሐይ ሙሉ ቀን ነው፣ ኒም የለ፣ ፍየል የለ። ደረጃውን በጓሮ በኩል አድርገው፣ ሰው ሳላስቸግር እወጣለሁ።»

ሂሻም አፉን ከፍቶ ቀረ። «አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ሁሉ ፊት ፎቄን ተቃውመሽ!»

«ሁለቱን ነው የተቃወምኩት። ይኼኛውን ፈቅጃለሁ። የፈቀድኩት ላይ ብወጣ ምን አለበት?»

«ያ ሰላም! ገና መሠረቱ አልተቆፈረም እኮ!»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለች ሸዋአለም።